ብዙ ምትና ብዙ አረማመድ፤ በአንድ የሙዚቃ ቃል ላይ የቀረበ ሂስ

በሙዚቃ ቃላት ላይ የምናደርገው ጥናት እስካሁን በአብዛኛው የመሣሪያዎችን፣ የቅኝቶችንና የዜማ ምልክቶችን ስሞች የተከተለ ነበር። እነዚህ ወይ በእጅ የሚዳሰሱ፣ ወይ ስማቸው በሊቃውንቱ ዘንድ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ብዙ ክርክር አላስነሡም። ለአስተያየት የቀረበልን አንድ የትርጉም ረቂቅ ግን ወደ ሌላ ዓይነት ችግር መርቶናል። ረቂቁ በሃያኛው ምዕተ ዓመት ስለ ነበሩ አንዳንድ የምዕራብ ሙዚቃ ደራሲያን የሚናገር ሲሆን፣ ልዩ ልዩ ፍጥነት ያላቸውን ክፍሎች በአንድ ድርሰት ውስጥ በአንድ ጊዜ ስለ ማስኬድ ሰፊ ምዕራፍ አለው። የተርጓሚውን ስም መጥቀስ አያስፈልገንም፤ አማርኛቸው የጠራ፣ ትጋታቸውም የሚመሰገን ነው። የምንነቅፈው አንድ ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን ቃሉ የምዕራፉ ምሰሶ በመሆኑ፣ ምሰሶው ሲዘም ቤቱም አብሮ ዘሟል።

ቃሉ «ድብልቅ ምት» ነው። ተርጓሚው ይህን ቃል ለሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ሰጥተውታል። አንደኛው፣ በአንድ ቆጠራ ሥር ያሉ ምቶች በአንዱ ክፍል ለሁለት፣ በሌላው ለሦስት ተከፍለው አብረው ሲሰሙ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ቆጠራ ይዞ፣ አንዱ በዝግታ ሌላው በችኮላ፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ ሲጓዝ ነው። በባዕዱ ጽሑፍ ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ሁለት ስሞች ነበሩ፤ አማርኛው ግን አንድ አደረጋቸው። በሙያው የሠለጠነ አንባቢ ምናልባት ከዐውዱ ተነሥቶ ይለያቸው ይሆናል። ሌላው ግን ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ መውደቁ አይቀርም፤ ወይ «ይህማ የእኛው ችክችካ ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ ወይ ተጫዋቾቹ መስማማት ያቃታቸው መስሎት ይስቃል። ሁለቱም አንባቢዎች ሙዚቃውን ሳይሰሙት ቀሩ ማለት ነው፤ ያስቀራቸውም ቃሉ ነው።

«ድብልቅ» የሚለው ቅጽል ራሱ ለነገሩ አይስማማም። ደባለቀ ስንል ጤፍና ገብስ አንድ ላይ አድርጎ እንዳይለዩ አደረገ ማለታችን ነው፤ ከዚሁ ግሥ የወጣው «ድብልቅልቅ»ም የሥርዓትን መጥፋት ያመለክታል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ደራሲያን የደከሙት ግን ለተቃራኒው ነው። ድምፆቹ እንዳይደባለቁ፣ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይዞ ሲሄድ በጆሮ እንዲታወቅ ነው የጣሩት።

መጀመሪያ አንደኛውን ነገር እንይ። በችክችካ ስድስት ንዑሳን ምቶች አሉ። ሦስት ሦስት ሆነው ሲቆጠሩ ሁለት ዐበይት ምቶች፣ ሁለት ሁለት ሆነው ሲቆጠሩ ሦስት ዐበይት ምቶች ይሰጣሉ። አጨብጫቢው ሁለቱን ሲይዝ ከበሮ መቺው ሦስቱን ሊያሰማ ይችላል፤ የዘፈኑ ጣዕምም ከዚህ መሳሳብ ይመነጫል። ነገር ግን በየስድስቱ ንዑስ ምት ሁለቱም አንድ ላይ ያርፋሉ። ጨፋሪው እግሩን የሚጥልበት መሬት አንድ ነው። በእምቢልታም እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ በተራው ጣል ያደርጋል እንጂ ከጓደኞቹ ቆጠራ አይወጣም፤ ቢወጣ ዜማው ይፈርሳል።

የአፍሪካን የምት ብልጽግና በሚመለከት ብዙ ጸሐፍት ይህን ልዩነት ዘንግተዋል። ሲምሃ አሮም የተባለው የሙዚቃ ተመራማሪ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የሚኖሩትን የባንዳ ሊንዳ ሰዎች የቀንደ መለከት ጓድ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ሥራው ያሳየው ነገር እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ቁጥር የሌለው የድምፅ ዝናም የሚመስለው ሙዚቃ፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ በልባቸው በሚይዙት አንድ የጋራ ምት ላይ የቆመ ነው። ምቱ ላይሰማ ይችላል፤ አለ ግን። ስለዚህ የባንዳ ሊንዳ ሙዚቃ በምት እጅግ የበለጸገ ሲሆን፣ በፍጥነት ግን አንድ ነው። ረቂቁ እነዚህን መለከተኞችና ከዚህ በታች የምናወሳውን አሜሪካዊ ደራሲ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «በድብልቅ ምት የሚጫወቱ» ብሎ ሲያጣምራቸው፣ አንዱን ካልሆነው ጋር አጋብቶታል።

የሞዛርትም ምሳሌ ከዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 በፕራግ በታየው «ዶን ጆቫኒ» በተባለው ኦፔራ፣ በአንደኛው ገቢር መጨረሻ ላይ ሦስት ጓዶች በመድረክ ላይ ሦስት ዓይነት ዳንስ በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ። አንዱ በሦስት አራተኛ፣ ሁለተኛው በሁለት አራተኛ፣ ሦስተኛው በሦስት ስምንተኛ ይቆጠራል። ጌታው፣ ባላገሩና አሽከሩ ለየማዕርጋቸው የሚሆን ዳንስ ማግኘታቸው የተውኔቱ ብልሃት ነው። ይሁን እንጂ የአንዱ ምት ከሌላው ምት ጋር ልክ በልክ ስለሚገጥም፣ አንድ መሪ በአንድ በትር ሦስቱንም ይመራቸዋል። ይህን የብዙ ፍጥነት ሙዚቃ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ነገር የት ይጀምራል? በ15ኛው ምዕተ ዓመት ኦኬገምና ዦስካን አንድን የተጻፈ ዜማ ለልዩ ልዩ ዘማሪዎች በልዩ ልዩ የጊዜ ምልክት እየሰጡ፣ አንዱ ዜማ በአንድ ጊዜ በልዩ ልዩ ፍጥነት እንዲዘመር አድርገዋል። ይህ ወደ ነገሩ በር የቀረበ ነው፤ ሆኖም ምልክቶቹ ሁሉ ለአንድ ትንሽ መስፈሪያ ይገዛሉ። በሩን የከፈተው አሜሪካዊው ቻርልስ አይቭስ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

አይቭስ የወታደር ሙዚቃ ጓድ መሪ ልጅ ነበር። ሁለት የማርሽ ጓዶች ልዩ ልዩ ማርሽ እየተጫወቱ ሲቃረቡና ሲተላለፉ የሚሰማው ድምፅ በልጅነቱ እንደ ማረከው ይነገራል። ለዚህ አንባቢያችን ባዕድ አይደለም። በጥምቀት ዋዜማ በጃንሜዳ፣ ከልዩ ልዩ አድባራት የመጡ ታቦታት በሚገናኙበት ጊዜ በሁለት አድባራት ዘማርያን መካከል የቆመ ሰው፣ በቀኙ አንድ ከበሮ በዝግታ፣ በግራው ሌላ ከበሮ በፍጥነት ሲመታ ይሰማል። ማናቸውም አልተሳሳቱም፤ እያንዳንዱ በራሱ ሥርዓት ፍጹም ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰማቸው በመካከል የቆመው ሰው ብቻ ነው። ልዩነቱ፣ በጃንሜዳ ይህ የሆነው በአጋጣሚ ነው፤ አይቭስ ግን በመካከል የሚቆመውን ሰው አስቦ ጻፈ።

እ.ኤ.አ. በ1908 የጻፈውና በኋላ ያረመው «ያልተመለሰው ጥያቄ» የተባለው አጭር ሥራው የዚህ ዘዴ ንጹሕ ምሳሌ ነው። ባለ አውታር መሣሪያዎቹ እጅግ በዝግታና በለሆሳስ ይጓዛሉ። አንድ መለከት ከዚያ በላይ አንድ ጥያቄ ሰባት ጊዜ ያነሣል። ዋሽንቶቹ ስድስት ጊዜ ይመልሳሉ፤ በየመልሱ ይበልጥ እየፈጠኑና እየተቆጡ ይሄዳሉ፤ ሰባተኛው ጥያቄ ያለ መልስ ይቀራል። አውታሮቹ ለዚህ ሁሉ ንትርክ አንድ ጊዜ እንኳ አይቸኩሉም። በእኛ ግምት የሥራው ኃይል ያለው በዚሁ ግዴለሽነት ላይ ነው። ሁሉም በአንድ ቆጠራ ቢጻፍ ኖሮ ዋሽንቶቹ ከአውታሮቹ ጋር የሚነጋገሩ ይመስሉ ነበር፤ አሁን ግን እንደማይሰማቸው እናውቃለን። አራተኛው ሲምፎኒው በዚህ መንገድ ርቆ በመሄዱ፣ ሙሉው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1965 በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ዋናው መሪ ስቶኮውስኪ ሁለት ረዳት መሪዎች አስፈልገውት ነበር። አይቭስ ራሱ ይህን ሳይሰማ ከሞተ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር።

አሁን የረቂቁ ምዕራፍ በዋናነት ወደሚናገርለት ሰው እንምጣ። ኮንሎን ናንካሮ እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ በአርካንሳስ ክፍለ ሀገር ተወለደ። መለከት ነፊ ነበር፤ በቦስተን የሙዚቃ ድርሰት ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ስፔን ሄዶ ከሪፐብሊኩ ወገን ተሰልፎ ተዋጋ። ከተመለሰ በኋላ በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት የአገሩ መንግሥት ፓስፖርት ስለ ከለከለው፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ ሜክሲኮ ተሰደደ፤ በኋላም የሜክሲኮ ዜጋ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1997 በዚያው አረፈ። የጻፈውን የሚጫወትለት አላገኘም፤ ምቱ ለሰው እጅ የከበደ ነበርና።

መፍትሔውን ያገኘው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሄንሪ ካውል የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው «አዳዲስ የሙዚቃ ምንጮች» በሚል መጽሐፍ፣ ሁለት ድምፆች በከፍታ የሚዛመዱበት ቁጥር ሁለት ፍጥነቶችም ሊዛመዱበት እንደሚችል ጽፎ ነበር። ሁለት ለሦስት፣ ወይም አራት ለአምስት ሆነው ሲርገበገቡ ለጆሮ የሚስማሙ ድምፆች ካሉ፣ አራት ለአምስት ሆነው የሚራመዱ ዜማዎችስ ለምን አይኖሩም? ለሰው የሚከብደውንም በወረቀት ጥቅል በሚመራ ፒያኖ ማጫወት እንደሚቻል ካውል በዚያው ጠቁሟል። ናንካሮ ምክሩን ቃል በቃል ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1947 ባገኘው ውርስ ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ እንዲህ ያለ ፒያኖ ገዛ፤ ወረቀት የሚበሳበትንም መሣሪያ አሠራ።

የመሣሪያውን አሠራር መግለጽ ለቃሉ ጉዳይ ይጠቅማል። ረጅም የወረቀት ጥቅል የአየር ቀዳዳዎች በተደረደሩበት ዘንግ ላይ ያልፋል። በወረቀቱ ላይ ያለው ብስ ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም አየር ይገባል፤ አየሩም በወናፉ በኩል መዶሻውን ያንቀሳቅሰዋል። እንግዲህ የብሱ ቦታ በወርድ ሲታይ የድምፁን ከፍታ፣ በርዝመት ሲታይ ጊዜውን ይወስናል። በዚህ መሣሪያ ጊዜ ማለት በክንድ የሚለካ ርቀት ነው። ናንካሮ በአንዱ ወረቀት ላይ ለአንዱ ዜማ አንድ መስፈሪያ፣ ለሌላው ሌላ መስፈሪያ አስምሮ በእጁ ብስ በብስ ይበሳ ነበር። ጥቂት ደቂቃ ለሚፈጀው ሥራ ወራት ያልፉ ነበር። የመዶሻዎቹንም ድምፅ ለማጥራት በብረትና በቆዳ አጠናከራቸው። ሃምሳ የሚያህሉ ሥራዎች በዚህ መንገድ ወጡ፤ «ጥናት» ብሎ በቁጥር ጠራቸው። ለብዙ ዓመታት ከወዳጆቹ በቀር የሚሰማቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980 ሊጌቲ ቅጂዎቹን ሰምቶ በአውሮፓ አወደሳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ወጣ።

የእነዚህ ጥናቶች ዋና ዘዴ ካኖን ነው። ካኖን አንዱ ድምፅ የጀመረውን ዜማ ሌላው ተከትሎ የሚደግምበት ድርሰት ሲሆን፣ የስሙ ሥር ከግእዙ «ቀኖና» ጋር አንድ የጽርእ ቃል ነው፤ ደንብ ማለት ነው። «ቀኖና» በአማርኛ ለቤተ ክርስቲያን ሕግና ለንስሐ ቅጣት ስለ ተወሰነ፣ ለሙዚቃው «ካኖን» እንደ ተነገረ ቢቀር እንመርጣለን። ተርጓሚው ያቀረቡት «ቅብብሎሽ» አንዱ ሲያቆም ሌላው የሚቀጥል ያስመስላል፤ በካኖን ግን የጀመረው አያቆምም።

አንድ ምሳሌ በራሳችን ቁጥር እንሥራ። አራት መቶ ምት ያለው አንድ ዜማ አለ እንበል። አንዱ ድምፅ በደቂቃ 80 ምት ይጓዛል፤ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሌላው ያንኑ ዜማ በደቂቃ 100 ምት ይጓዛል፤ አራት ደቂቃ ይበቃዋል። አብረው ከጀመሩ ፈጣኑ ከመጀመሪያው እየራቀ ሄዶ ቀድሞ ይጨርሳል። አብረው እንዲጨርሱ ከተፈለገ ፈጣኑ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ መግባት አለበት፤ ጠቅላላው ሥራ የማሳደድ ታሪክ ይሆናል። በመካከል እንዲገናኙ ከተፈለገ ደግሞ ፈጣኑ ግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ ይገባል፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል ላይ ሁለቱም የዜማው እኩሌታ ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ተከታዩ መሪ፣ መሪው ተከታይ ሆኖ ፈጣኑ ግማሽ ደቂቃ ቀድሞ ያልቃል። ያች የመገናኛ ቅጽበት በባዕዱ ጽሑፍ የራሷ ስም አላት። ረቂቁ «ግጭት» ይላታል። ይህ ክፉኛ የሳተ ነው፤ የሚጋጭ ነገር የለም፤ ሁለት ወንዞች ሲገናኙ እንደምንለው «መጋጠሚያ» መባል አለባት።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊሞግተን ይችላል፤ ይገባዋልም። 80ና 100 ያው አራትና አምስት አይደሉምን? በየሦስት ሴኮንዱ አንዱ አራት፣ ሌላው አምስት ምት አድርጎ ሁለቱ አንድ ላይ አያርፉምን? እንዲህ ከሆነ ከችክችካው ሁለት ለሦስት በምን ይለያል? እኛም በዚህ ጥያቄ ረጅም ጊዜ ቆይተናል። ቁጥሩን ብቻ ካየን አይለይም። የሚለየው ዜማው የሚገዛው ለማን ነው በሚለው ነው። በችክችካ ዜማው፣ ስንኙና ማረፊያው ሁሉ ለጋራው ስድስት ይገዛሉ። በናንካሮ ካኖን ግን በየሦስት ሴኮንዱ የምትመጣው የምት መግጠም ለዜማው ምንም አይደለችም፤ አንዱ የሐረጉን መነሻ ሲያሰማ ሌላው መካከሉ ላይ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ቆጠራ፣ የራሱን ማረፊያ ይዟል። ስለዚህ መለያው የጋራ አካፋይ መኖርና አለመኖር ሳይሆን፣ የጋራ ገዥ መኖርና አለመኖር ነው። ትርጓሜውን ስንጽፍ በዚህ ላይ ብንቆም ይሻላል እንላለን።

ስለ ሥራዎቹ ያለንን አስተያየት ሳንሸሽግ እንናገር። ቁጥር 14 አራት ለአምስት ነው፤ ልክ እንደ ምሳሌያችን መጋጠሚያው በመካከል ነው፤ ለጀማሪ አድማጭ ከዚህ የተሻለ በር የለም። ቁጥር 36 አራት ድምፆች አሉት፤ ፍጥነታቸው 17፣ 18፣ 19 እና 20 ነው። ልዩነታቸው ትንሽ በመሆኑ ወደ መጋጠሚያው ሲቃረቡ፣ እንደ ገደል ማሚቶ የነበረው ድምፅ እየጠበበ ሄዶ በአንድ ምት ይዘጋል፤ ወዲያው በተገላቢጦሽ ይከፈታል። ይህን ያለ ምንም የሙዚቃ ትምህርት ማንም ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል። የጥበቡ ጫፍ ይህ ይመስለናል፤ መለያየቱ የተጻፈው ለመገናኘቱ ሲባል ነው።

ቁጥር 37ን ግን በዚያ መጠን ልናደንቀው አልቻልንም። ዐሥራ ሁለት ድምፆች በዐሥራ ሁለት ፍጥነት፣ በደቂቃ ከ150 እስከ 281 ከሩብ ምት፣ ይጓዛሉ፤ ቁጥሮቹ ከዐሥራ ሁለቱ የድምፅ ከፍታዎች ዝምድና የተወሰዱ ናቸው። በወረቀት ላይ ታላቅ ሕንጻ ነው። የእኛ ጆሮ ግን ከሦስትና ከአራት ድምፅ በላይ በአንድ የፒያኖ ቃና ሲመጣበት መከተሉን ትቶ አጠቃላይ ሁካታውን ይቀበላል። አይቭስ አውታርን ከመለከት፣ መለከትን ከዋሽንት ስለ ለየ ሦስቱን መንገድ ያለ ድካም እንለያለን፤ ናንካሮ ይህ ዕድል አልነበረውም። በቁጥር 40 ደግሞ ሁለቱ ፍጥነቶች እንደ ሁለቱ ታዋቂ የሒሳብ ቁጥሮች፣ እንደ ኢ እና እንደ ፓይ ናቸው፤ ማለት ያለ ፍጻሜ ቢጓዙ እንኳ የጋራ ልክ ያገኛሉ ተብሎ አይገመትም። ሐሳቡ ይማርካል። ነገር ግን የሁለቱ ክፍልፋይ 0.8653 ያህል ሲሆን 13 ለ15 ደግሞ 0.8667 ነው፤ በአንድ ሺሕ ምት ውስጥ ልዩነቱ ከአንድ ምት ተኩል አይበልጥም። ጆሮ ይህን አይመዝንም። ረቂቁ ይህን ሥራ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ስለ ቁጥሩ እንጂ ስለ ድምፁ አይመስለንም።

ከሁሉ የሚልቀው በእኛ ፍርድ ቁጥር 21 ነው። ሁለት ድምፆች ብቻ ናቸው። አንዱ በዝግታ ጀምሮ እየፈጠነ፣ ሌላው በሴኮንድ 39 ያህል ድምፅ ጀምሮ እየዘገየ ይሄዳል፤ መንገዳቸው በመካከል ይተላለፋል። ለአንድ አፍታ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ የነበረው ሁሉ ይገለበጣል። «ድብልቅ ምት» የሚለው ቃል በዚህ ሥራ ፊት ምን ማለት ይሆናል? እዚህ ሁለት ፍጥነቶች እንኳ የሉም፤ ያለማቋረጥ የሚለወጡ ሁለት አካሄዶች ናቸው።

የሌሎቹን በአጭሩ እንለፍ። ስቶክሃውዘን እ.ኤ.አ. በ1958 በኮሎኝ ባቀረበው «ግሩፐን» አድማጩን በሦስት ኦርኬስትራ ከብቦ ለእያንዳንዱ የራሱን መሪና የራሱን ፍጥነት ሰጠ፤ እኛ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የድምፁ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው መዞር ነው የቀረን። ሊጌቲ እ.ኤ.አ. በ1962 ለመቶ ሜትሮኖም የጻፈው ሥራ ዜማ የለውም። መቶው መለኪያዎች በየራሳቸው ፍጥነት ተንኳኩተው፣ ጠመዝማዛቸው እያለቀ አንድ በአንድ ይቆማሉ፤ መጀመሪያ ደመና የነበረው መጨረሻ ላይ የአንድ መለኪያ ብቻ ምት ሆኖ ይቀራል። ቀልድ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ አንልም። ዛሬ በኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ ድምፅ የፈለጉትን ፍጥነት መስጠት የደቂቃ ሥራ ነው። ናንካሮ ወራት የፈጀበት ብሳት ቀርቷል፤ መጋጠሚያውን የትና ለምን እናድርገው የሚለው ድካም ግን እንደ ነበረ ነው።

እንግዲህ ወደ ቃሉ። ለሪትም «ስልተ ምት» የሚለው በሙያተኞቻችን ዘንድ ተለምዷል፤ አንነካውም። ለቴምፖ ምን እንበል? የኢጣልያንኛው ቃል ፍችው ጊዜ ማለት ብቻ ነው፤ «ጊዜ» ብንለው ግን ከሁሉም ጋር ይምታታል። «ፍጥነት» በፊዚክስ ተይዟል፤ ከዚህም በላይ «ዝግተኛ ፍጥነት» ሲባል ጆሮ ይቆረቁራል። በዚህ ጽሑፍ እስካሁን የተጠቀምንበት አንባቢን ላለማደናገር ነው። «ሂደት» ከዜማ ምልክቶች የአንዱ ስም ነው።

ተርጓሚው ለፈጣኑ «ጽፋት»፣ ለመካከለኛው «መረግድ» ብለዋል። ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ ይገባናል። በአቋቋም አንዱ ዜማ በቁም ከተባለ በኋላ በዝማሜ፣ በመረግድ፣ በጽፋት እየተመላለሰ አካሄዱ እየፈጠነ ይሄዳል፤ የአንድ ዜማ ልዩ ልዩ አካሄድ ለሊቃውንቱ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን እነዚህ ስሞች የፍጥነት ስሞች ብቻ አይደሉም። በውስጣቸው የመቋሚያው እንቅስቃሴ፣ የጸናጽሉና የከበሮው አገባብ፣ የእጁ ጭብጨባ አለ። ፍጥነታቸውን ብቻ ነጥቀን ለፒያኖ ብንሰጥ ከሁለቱም ወገን እናጎድላለን። በተጨማሪም በአቋቋም አንዱ ከሌላው በኋላ እንጂ ከሌላው ጋር በአንድ ጊዜ አይባልም፤ የያዝነው ጉዳይ ደግሞ ይኸው «በአንድ ጊዜ» የሚለው ነው።

«ርምጃ» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን መጀመሪያ የመጣልን ነበር። ኢጣልያኖቹም «አንዳንቴ» ሲሉ የሚራመድ ማለታቸው ነው። ሆኖም ይህ ቃል በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተሸከመውን ሸክም የሚያስታውስ ሰው፣ «ርምጃው ፈጠነ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስለ ሙዚቃ ነው ብሎ በሰላም ሊያነበው አይችልም። በዚያ ዘመን «ርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ነበር። ወጣቱ አንባቢ ይህን ላያውቅ ይችላል። እኛ ግን የምናውቀውን እንዳላወቅን ሆነን ቃሉን ለዜማ አንሰጥም።

ከዚያው ሥር «አረማመድ» አለ። እንደ «አነጋገር» እና እንደ «አሠራር» የድርጊትን ሁኔታ የሚገልጽ ቅርጽ ነው፤ ዝግተኛም ፈጣንም ሊሆን ይችላል። ደረጃዎቹንም ለመሰየም ባላገሩ ለፈረስና ለበቅሎ ያከማቸው ሀብት አለ፤ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ግልቢያ፣ የሰጋር በቅሎ አካሄድ። እነዚህን ለሙዚቃ ደረጃዎች አሁኑኑ እናድል አንልም፤ በየአገሩ ፍቻቸው የሚለዋወጥ በመሆኑ በመጀመሪያ ተሰብስበው ሊመረመሩ ይገባል። ለዋናዎቹ ቃላት ግን የሚከተለውን በካርዳችን ላይ አስፍረናል። አንድ ገዥ ቆጠራ ኖሮት በውስጡ ልዩ ልዩ አከፋፈል የሚሰማበት ሙዚቃ «ባለብዙ ስልተ ምት»፤ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ቆጠራ ይዞ በአንድ ጊዜ የሚሄድበት «ባለብዙ አረማመድ»፤ ድምፆቹ በዜማው አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙበት ቅጽበት «መጋጠሚያ»። ረቂቁም በዚሁ መሠረት እንዲታረም ለተርጓሚው ጽፈናል።

እንደ ቁጥር 21 አንዱ እየፈጠነ ሌላው እየዘገየ ለሚተላለፍበት አረማመድ ግን የምንሰጠው ስም አላገኘንም። «መተላለፍ» ቀርቦ ነበር፤ ሕግ መተላለፍን ስለሚያስታውስ ተውነው። «መሻገር» የሁለቱን ተቃራኒ አቅጣጫ አያሳይም። ካርዱ ስለዚህ ባዶውን ተቀምጧል፤ በመንገድ ላይ ፊት ለፊት መጥተው የሚተላለፉ ሁለት መንገደኞችን በአንድ ቃል የሚጠራ አገር ያለ እንደ ሆነ፣ ከሰሙበት ስፍራ ስም ጋር ጽፈው እንዲልኩልን አንባቢያንን እንጠይቃለን።